መቶ ጥያቄ በሃምሳ ዘጠኝ ቀን

ኦገስት 14፣ ሰኞ

ደብዳቤው መጣ። ከፋብሪካ ስገባ ሳቢትራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በፖስታው ፊቷን እያራገበች ጠበቀችኝ። ልጄ አምና ፈተናውን አልፋ ዜጋ ሆናለች፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፖስታ ሳትከፍተውም ታውቀዋለች። የዜግነት ቃለ መጠይቅ፣ ኦክቶበር 12፣ ክሊቭላንድ። እናቷ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ቆጠርኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን። የሚጠናው መቶ ጥያቄ ነው። ከመቶው ዐሥሩን ይጠይቃሉ፤ ስድስት የመለሰ ያልፋል። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ፣ አንድ ደግሞ እነሱ ሲሉት መጻፍ። በቀን ሁለት ጥያቄ ቢጠና በሃምሳ ቀን ያልቃል፤ ዘጠኙ ቀን ለክለሳ ይተርፋል። ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጬ በጀርባው በማስመሪያ አሰመርኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ሣጥን። ቀዩ እስክሪብቶ ለጥያቄ፣ ሰማያዊው ለንባብ፣ ጥቁሩ ለጽሕፈት።

መርሐ ግብሩ የሚስቴ የቱላሳ ነው። እኔ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ የሚያሳስበኝ እሷ ናት። ፊደል የቆጠረችው እዚህ አክረን ከተማ ከመጣን ወዲህ፣ ያውም ቤተ መጻሕፍቱ በሚሰጠው የማክሰኞ ትምህርት ብቻ ነው።

ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ስለጥፍ መጥታ አየችው።

«ይህ ሁሉ ሣጥን ምንድን ነው፣ የሳቢትራ አባት?»

«እያንዳንዱ አንድ ቀን ነው።»

«እኔ የምተኛውስ በየትኛው ሣጥን ነው?»

ሳቢትራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከቡታን ከተባረርን ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት የማንም አገር ሰው ሳልሆን ኖሬአለሁ። ቅጽ ስሞላ «ዜግነት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስካሁን እጄ ይቆማል።

ኦገስት 17፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ትምህርት። ጥሩ አልሄደም። ቱላሳ ስትመልስ ድምጿን ትውጠዋለች።

«ጮክ በይ» አልኳት።

«ጎረቤት ይሰማል እኮ።»

የመልሱን የመጨረሻ ቃል ዋጠችው፤ ስህተት ብዬ ምልክት አደረግኩ። «ትክክል ነው ያልኩት» ብላ ተቆጣች። ሳቢትራ ደግሞ ከሌላው ክፍል «ትክክል ናት አባዬ!» ብላ ገባችበት። እናትና ልጅ አብረው ሲቆሙብኝ ምን ማድረግ እችላለሁ? ምልክቱን ሰረዝኩት። አንድ ተማሪ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ ግን መምህሩ በምን ያውቃል?

ኦገስት 22፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት፣ ፋብሪካ። ዐሥር ደቂቃ አለኝ።

ፓደምላል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በካምፕ ጎረቤቴ ነበር፤ አሁን ሳህን በምንቀርጽበት ማሽን ላይ አብረን ነን። በጸደይ ፈተናውን አልፎ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ብቻ ነው። ዛሬም አንድ ነገር ጠየቀኝ። «በሽንብራ ነው» አልኩት፣ ምሳዬን እያሳየሁ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ከት ብለው ሳቁ። አንዱማ ውሃውን ተፋው።

«መምህር፣ ስንት ቀን ቀረዎት ነው ያልኩዎት» አለኝ ፓደምላል ወደ ፊቴ ጠጋ ብሎ።

ማሽን እየጮኸ፣ ሰውም አፉ በሩዝ ተሞልቶ ሲናገር ማን ይሰማል። የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ አልገባኝም። የጆሮ መድፈኛውን እንኳ አላደርግም፤ ያሳክከኛል። ባደርገው ደግሞ አለቃው ሲጣራ አልሰማም።

ሃምሳ አንድ ቀን ቀረ።

ኦገስት 30፣ ረቡዕ

መርሐ ግብሩ በሦስት ሣጥን ወደ ኋላ ቀርቷል። ቱላሳ ሦስት ቀን ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለእኛ ሰዎች በተሰጠው የአትክልት ቦታ ዋለች። ቃሪያው ደርሷል፣ ሰናፍጩ አረም ይዞታል ትላለች። ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ቆሽቴ አሮ ነበር።

አራት ሴቶች ጎንበስ ብለው ያርማሉ፤ አንዷ አንድ ነገር ትላለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ይሳሳቃሉ። የሠርግ ጨዋታ መሰለኝ።

«ፈተና አርባ ሦስት ቀን ቀርቶት እዚህ ትጫወቻለሽ?» አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ቱላሳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ሰው ፊት ዘወትር እንደምታደርገው በትሕትና፣ ግን ጥርሷን ነክሳ መለሰችልኝ። ደግሜ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ።

«የሳቢትራ አባት፣ እርስዎ በሣጥን ያጥኑ። እኔ በሰናፍጩ መስመር አጠናለሁ አልኩ።»

ማታ ሳቢትራ ነገረችኝ። ለካ ጥያቄዎቹን ነበር እየተቀባበሉ የሚጠያየቁት። አንዱን መስመር አርመው እስኪጨርሱ ዐሥር ጥያቄ ይወጣቸዋል አለችኝ። ይህ ጥናት አይደለም። ጥናት ወንበር ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛ መርሐ ግብር አወጣሁ። የአትክልቱን ሰዓት በአረንጓዴ አስገባሁት።

ሴፕቴምበር 6፣ ረቡዕ

ራሴን ፈተንኩ። ከመጽሐፉ፣ መልሱን በወረቀት ሸፍኜ። መቶ ከመቶ። እንደገና ከታች ወደ ላይ። መቶ ከመቶ።

ሳቢትራ ጥያቄዎቹን በድምፅ ስልኳ ላይ ጭናልኝ ነበር፤ ቅጂው የማይረባ ነው። የሚናገረው ሰውዬ ከትራስ ሥር ያለ ይመስላል። ስልኩን መለስኩላት። እሷ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ካዳመጠች በኋላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ሴፕቴምበር 12፣ ማክሰኞ

አንድ ነገር አለ። ወጥ ቤት ስገባ ወሬያቸው ይቋረጣል። ዛሬ በር ላይ ቆሜ «ይንገሩት» ወይም «ይናገሩት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ያዝኩ። ማነው የሚነገረው? ምኑን? ሰው በገዛ ቤቱ መንሾካሾክ ምን ይሉታል። ድሮ ቱላሳ እንዲህ አልነበረችም።

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የቀረውን ቀን እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፣ ተሳስቼ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሠላሳ ቀን ነው። በእርምጃ ቢቆጠርም ሠላሳ ነው።

ሴፕቴምበር 19፣ ማክሰኞ

ሦስተኛ መርሐ ግብር ሳወጣ ሳቢትራ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ማስመሪያውን ከእጄ ወሰደችው።

«አባዬ፣ ካምፕ ውስጥ ስንት ሰው ማንበብ አስተማሩ?»

«ስድስት መቶ። ሰባት መቶም ይሆናል።»

«እማዬስ?»

መልስ ሳትጠብቅ ማስመሪያውን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰውን እንዲህ በለሆሳስ መውጋት ከዚያ ሳትማር አልቀረችም።

ብቻዬን ስቀር ትዝ ያለኝን ልጻፈው። ትምህርት ቤታችን የቀርከሃ ግድግዳ ነበረው። ቱላሳ ሳቢትራን በጀርባዋ አዝላ ምሳዬን ታመጣና በግድግዳው ክፍተት በኩል ቆማ ክፍሉ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ገብታ ሰሌዳውን አየችው። «የእኔ ስም ሲጻፍ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር። «ነገ» አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔም ረሳሁት። ማለቴ፣ ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር።

ሦስተኛውን መርሐ ግብር አልለጠፍኩትም።

ሴፕቴምበር 30፣ ቅዳሜ

የደሳይን በዓላችን ነው። ሥራ የለም። ቱላሳ ሩዙን በእርጎና በቀይ ቀለም ለውሳ አቀረበችልኝ፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ለመጣው ሁሉ ግንባሩ ላይ እየለጠፍኩ መረቅኩ። ሠላሳ ሰው ይሆናል። ዕድሜ፣ ጤና፣ ልጅ፣ ማለፊያ ውጤት።

ፓደምላልም መጥቶ ተንበረከከ። በዕድሜ የሚያንሰኝ በሁለት ዓመት ቢሆንም ምርቃት ከእኔ ካልተቀበለ አይሆንለትም። መርቄው ሳበቃ ቀና ብሎ አንድ ነገር ሲናገር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቢትራን ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። መናገር አልፈለገችም፤ ግድ አልኳት።

«መምህር ሲመርቁ አማልክቱ ብቻ ሳይሆኑ ክሊቭላንድ ያሉት ባለሥልጣናትም ሰምተዋል፤ ፈተናው አለቀልዎ ነው ያለው።»

እጮሃለሁ ማለቱ ነው። አልጮህም። የክፍል ድምፅ አለኝ፣ ያ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 5፣ ሐሙስ

ቱላሳ ዛሬ ሳልጠይቃት ደብተር አምጥታ ጉልበቷ ላይ ጻፈች። «ዜጎች ግብር ይከፍላሉ» በእንግሊዝኛ። አንድ ፊደል አልሳተችም። ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ናቸው፤ ቢሆንም ማንም ያነባቸዋል። ገልጣ አሳየችኝና ፊቴን አየች። «የመጀመሪያው ፊደል መስመር ለቋል» አልኳት።

ለምን እንደዚያ አልኩ?

ኦክቶበር 9፣ ሰኞ

ዛሬ ነገሩ ፈነዳ። ሳቢትራ ከሥራ ቀጥታ መጥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«አባዬ፣ ጆሮዎን መታየት አለብዎት።»

«ምን ሆነና?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። እማዬ ምግብ ቀርቧል ስትል አይሰሙም፤ እጇን ስታወዛውዝ ነው የሚመጡት። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንጻፍ። መስማት ይቸግረዋል ካልናቸው ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፣ ጊዜም ይሰጣሉ። መብትዎ ነው።»

«እኔ ደንቆሮ አይደለሁም!»

ከተናገርኩ በኋላ ቃሉ ቤት ውስጥ ቀረ። ስድስት መቶ ሰው ያስተማረ ደንቆሮ። ቱላሳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቢትራ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «እንደ እሱ አላልኩም» አለች መሰለኝ። ከንፈሯን አይቼ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ቆም ብዬ አነበብኩት። ከንፈሯን አይቼ።

ደብዳቤ ግን አይጻፍም። ሦስት ቀን ሲቀረኝ አላደናግራቸውም።

ኦክቶበር 11፣ ረቡዕ

ሸሚዝ ተተኩሷል። ሰነዶች በቅደም ተከተል። እራቴን ሳልነካ አነሳሁት። ቱላሳ ግን ሁለት ሳህን በላች። እንዴት ትበላለች?

ኦክቶበር 12፣ ሐሙስ

ቱላሳ አለፈች።

የቀረውን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ኦክቶበር 15፣ እሑድ

እጽፈዋለሁ ብያለሁና ልጻፈው።

እሷን አስቀድመው ጠሯት። ግንባሯ ላይ የደሳይኑ ቀለም ደብዝዞ ገና ይታይ ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወረቀት ይዛ ወጣች። ስድስት ጣቷን አሳየችኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳ ሰባተኛውን መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም። ገና ደስ ሊለኝ ስል ስሜ ተጠራ። ስሜ መጠራቱን ያወቅኩት ሳቢትራ ስትገፋኝ ነው።

መኮንኗ ወጣት ሴት ናት፤ ትሑት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። ስትጠይቅ ዓይኗን ወደ ማያው ታደርጋለች፣ ማያው ደግሞ አፏን ይሸፍናል። ስታስምለኝ እጇን ስላነሳች እኔም አነሳሁ። ከዚያ ስለ ማመልከቻዬ ትጠይቀኝ ጀመር። ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃል ግን የለውም፣ ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ሰው። በአገሬ ባለሥልጣን ሲጠይቅ «ምን አሉ?» አይባልም። «አዎን» አልኳት። ጠየቀችኝ፤ «አዎን»። ጠየቀችኝ፤ «አዎን»።

ድንገት መተየቧን አቁማ መነጽሯን አወለቀች። ማያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ፊቴን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች።

«አቶ ካዳናንዳ ሪጃል፣ ሰካራም ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩዎት፣ አዎን አሉ። ሰው አሰቃይተው ያውቃሉ ወይ አልኩ፣ አዎን አሉ። አሁን የምጠይቅዎት ገብቶዎታል?»

«አዎን» አልኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

መቶውን ጥያቄ በቁሜም ተኝቼም አውቀዋለሁ። ከዐሥሩ ሦስት መለስኩ። ስለ ዳኞች ብዛት ጠይቃኝ የወንዝ ስም ነገርኳት። በመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝና ወረቀት ሰጠችኝ። በጣም በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ ነጥቡንም ሳልረሳ፣ እሷ ያላለችውን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ።

ክፉ ሰው አይደለችም። ከስልሳ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደሚጠሩኝ በወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አምጥታ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አደረገች። ጣቷ ባለበት ፈረምኩ። ምን እንደሚል አላነበብኩም። እኔ፣ አንባቢው። ፈርሜ ከወጣሁ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳቢትራ ፈተናውን በመውደቄ ያዘንኩ መስሏታል።

በመኪና ስንመለስ ቱላሳ የራሷን ወረቀት እጥፍጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እንዳላየው።

ኦክቶበር 23፣ ሰኞ

ፓደምላል ዛሬ ምንም አልቀለደም። ሻይ ገዝቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝና ሄደ። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 3፣ ዓርብ

ሳቢትራ ሳትነግረኝ ቀጠሮ ይዛ ወሰደችኝ። አልተከራከርኩም።

እንደ ቁም ሣጥን የጠበበች ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮዬን በማዳመጫ ሸፈኑት፤ ድምፅ ስትሰማ ተጫን ብለው እጄ ላይ አንድ ቁልፍ ሰጡኝ። ጠበቅኩ። አንዳንዴ እንደ ጨቅላ ወፍ ያለ ነገር ስሰማ እጫናለሁ፣ ከዚያ ዝም ይላል። ገና ማሽኑን እያስተካከሉ ነው ብዬ በትዕግሥት ተቀምጫለሁ። በመስኮቱ ባለሙያዋን አያታለሁ፤ ትጽፋለች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

«መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኳት።

«ጨርሰናል» አለችኝ።

ያልሰማሁት ያን ሁሉ ነው። የማሽን ጩኸት በዓመታት ውስጥ ጆሮን እንደሚበላ ነገረችን። መድፈኛ ያደርጉ ነበር ወይ አለች። ሳቢትራ ስትተረጉምልኝ ወለሉን እያየች ነው።

ኖቬምበር 12፣ እሑድ

የቱላሳ የመሐላ ቀን ዓርብ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ አልሄድም አለች።

«አብረን ተባረርን፤ አብረን እንገባለን። ደብዳቤ ጽፈን እናዘግየው።»

ሁለቱ የመስሚያ መሣሪያዎች ጆሮዬ ላይ ናቸው፤ ካደረግኳቸው አራተኛ ቀናቸው። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። የማንኪያውንም ድምፅ፣ የወንበሩንም። ያን ጊዜ ነው መናገር ያለብኝ የመሰለኝ፤ በእኔ ምክንያት አንዴ አገር ያጣች ሴት በእኔ ምክንያት ሁለተኛ እንዳትዘገይ።

ነገርኳት። አዲስ ተጋብተን ሳለ፣ እሷ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ የነበረ ቀን ነው። ባለሥልጣኑ ከሁለት ወታደሮች ጋር መጥቶ አባቴ ፊት ወረቀት አስቀመጠ። አባቴ ፊደል አያውቅም። እኔ የመንደሩ መምህር ነኝ። ሰውዬው አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ሰምቼዋለሁ ማለት አልችልም። «ምን ይላል ልጄ?» አለ አባቴ። «የቆጠራ ነው፤ ይፈርሙ» አልኩት። አውራ ጣቱን ይዤ ቀለሙን ያስነካሁት እኔ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጡ ተባልን። በፈቃዳችን መሬታችንን ለቀን እንደምንሄድ የሚል ወረቀት ነበር።

«አላነበብከውም ነበር?» አለችኝ። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራችን አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

አላነበብኩትም ልላት ነበር። ግን ግማሹን አንብቤ ነበር። «መልቀቅ» የሚለውን ቃል አይቼዋለሁ። ፈራሁ። ወታደሮቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ይህንንም ነገርኳት።

«እዚያ መሬታችን ላይ ያን ብርቱካን የተከልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስቱንም። በእጄ።» ሻርፗን ደርባ ወጣች። በረዶ መውረድ በጀመረበት ቀን ወደ አትክልቱ ቦታ ነው የሄደችው። እዚያ ምንም የለም፤ የደረቀ እንጨት ብቻ።

ኖቬምበር 15፣ ረቡዕ

አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ቀድሞ ብታናግረኝ አልሰማ፤ አሁን መስማት ስችል ዝም አለች። ቤታችን ስንት ድምፅ አለው! ማሞቂያው፣ ውሃው፣ የጫማዋ ኮቴ። ኮቴዋን ከክፍል ክፍል እከተለዋለሁ።

ይፈረድብኝ።

ኖቬምበር 17፣ ዓርብ

መሐላ ገባች። ትናንት ማታ ለሳቢትራ «ነገ እሄዳለሁ» አለቻት፤ ለእኔ አይደለም። ለማንኛውም እኔም መኪናው ውስጥ ገባሁ፣ አልከለከለችኝም።

ከኋላ ከእንግዶች ጋር ተቀመጥኩ። የስልሳ ምናምን ሰው ድምፅ በአንድ ላይ ሲምል ከመሃል የእሷን ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጀርባዋን ግን አያለሁ፣ ቀጥ ብሏል። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እሷ የምስክር ወረቀቱን ይዛ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ጣቷን ስሟ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳትውጥ፣ ሁሉንም ፊደል እየጠራች አነበበችልኝ።

«ይህን ይመስላል» አለችኝ።

እኔም «ይቅርታ» አልኳት፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም።

ኖቬምበር 21፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ያለ ማስመሪያ፣ የተንጋደዱ ሣጥኖች፤ እስከ ዲሴምበር 18፣ እስከ ድጋሚ ፈተናዬ ቀን ድረስ። የቱላሳ እጅ ጽሑፍ ነው። በየሣጥኑ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ምን?» ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእርስዎ መርሐ ግብር ነው። መልሱን ያውቁታል፤ የማያውቁት መጠየቅ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ አልሰማሁም ይድገሙልኝ ይላሉ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እጠይቃለሁ፣ ውሃ እየፈሰሰ እጠይቃለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እጠይቃለሁ። ካልሰሙ ይጠይቁ። ‘አዎን’ ካሉ ግን እራት የለም።»

እርስዎ አለችኝ። በዚህ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር?

ዲሴምበር 1፣ ዓርብ

ዛሬ ሰባት ጊዜ አልሰማሁም አልኩ። ስምንተኛውን አፍሬ «አዎን» አልኳት። ሩዙን አነሳችው። ሳቢትራ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። በኋላ ቀስ ብላ አንድ ሳህን አመጣችልኝ፤ እናቷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ዲሴምበር 7፣ ሐሙስ

ፋብሪካ። ማሽኑ ላይ መድፈኛ አደረግኩ፤ ለምሳ አውልቄ መስሚያዎቹን መለስኩ። ፓደምላል መጥቶ መሣሪያዎቹን አየና «መምህር፣ እንግዲህ ከኋላዎ ሆኜ ማማት ቀረ ማለት ነው» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ስታማኝ ኖረሃል ማለት ነው» አልኩት።

«ሁለት? አራት!» አለ። አብረን ሳቅን። ምን እንደሚያስቀው አውቄ ስስቅ ስንት ጊዜዬ ነው።

ለማሽኖቹ አዲስ ለተቀጠረው ልጅም መድፈኛ ሰጠሁት። ያሳክካል አለኝ። ያሳክክህ አልኩት።

ዲሴምበር 17፣ እሑድ

ነገ ነው። ያቺኑ መኮንን ባገኝስ? «አዎን ባዩ መጣ» ትላለች።

ቱላሳ ሸሚዜን እየተኮሰች ነው። እንፋሎቱ ሲፍ ሲል ይሰማኛል።

ዲሴምበር 18፣ ሰኞ

ያቺው መኮንን ናት። ገና ከመቀመጤ ጆሮዬን ስታይ ማያውን ራሷ ወደ ጎን ገፋችው።

ሦስት ጊዜ «አልሰማሁም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አልኳት። የመጀመሪያውን ስል ምላሴ ተሳስሮ ነበር። እሷ ግን ምንም ሳይመስላት ደገመችልኝ። ይኸው ነበር? ያኔ አባቴን ላስፈረመው ባለሥልጣንም እንዲህ ብለው ኖሮ ይደግምልኝ ነበር ወይ? ይመታኝ ነበር ይሆናል። አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ ለራሴ ምክንያት አላደርገውም።

ሰካራም ነዎት ወይ? አይደለሁም። ሰው አሰቃይተው ያውቃሉ? የአባቴ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። «አይ» አልኩ። ስድስት ጠየቀች፣ ስድስት መለስኩ። ያለችውን ዓረፍተ ነገር፣ ያለችውኑ፣ ጻፍኩ።

«እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ማመልከቻዬን በሙሉ ደርድራ አቀረበችልኝ። ጣቷን የመጨረሻው ገጽ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ላንብበው?» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ አደረገች። «ጊዜዎን ይውሰዱ» አለች።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የአባቴን ስም አንድ ፊደል ስተውት ነበር፣ አሳየኋት፣ አስተካከለችው። ሃያ ገጽ ነው። እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

ስወጣ ሳቢትራ ከወንበሯ ተነስታለች። ቱላሳ ኮሪደሩ መሃል ቆማ እየተንቆራጠጠች ነው፤ ፊቷ ነጥቷል።

«ይህን ያህል ሰዓት! ምን አቆየዎት?» አለችኝ።

«እያነበብኩ ነበር» አልኳት።